ስምንት ማንኪያ

ኅዳር 6 ቀን

ጥፋተኛው ልብስ ሰፊው ነው። ሰላምታውን ቀጥዬ እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይህ ይታወቅ ብዬ ነው።

እንደምን ከርመሻል ልጄ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትሳቂብኝ፤ በስልሳ አንድ ዓመቴ የያዝኩት እርሳስ ነው። ያንቺ ታናሽ የምትሆነው መምህርቷ "እማማ፣ እርሳሱን በቀስታ ይያዙት፤ መጥረቢያ አይደለም" ትለኛለች። ወንበሩ የሕፃናት ነው። ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ሁለት ሰው ይጎትተኛል።

በስልክ ንገሪኝ ብለሽ ነበር። ስልኩን ተይው። ስልክ ላይ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ስንባባል ሒሳቡ ያልቃል። ደግሞም ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ። በእርሳስ መዋሸት ይከብዳል፤ እያንዳንዷን ፊደል ስጽፋት ቀና ብላ ታየኛለች።

ስለ ልጅሽ በሦስት ደብዳቤ "ትሄዳለች ወይ?" ብለሽኛል፤ እኔም ሦስቴ አልፌዋለሁ። ሁለት ዓመት አልፏትም አትሄድም። አትቆምም። ዳዴም አላለች። ጠዋት ያስቀመጥኳት ቦታ ቀትር ላይ ትገኛለች።

ሰፈሩ "ጭምቷ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። ባለሱቋ፣ የራሷ ልጅ በቀን ሦስቴ የስኳር ከረጢት ላይ እየወጣ የሚያሳብዳት፣ "ምነው ለእኔም እንዲህ ያለውን በሰጠኝ!" ትለኝ ነበር። እኔም ኮራሁ። ውሃ ቀድቼ፣ ልብስ አጥቤ ስመለስ ምንጣፉ ላይ እንደተውኳት ናት። አታለቅስም፤ ዕቃ አትነካካም፤ ዓይኗ ብቻ ይከተለኛል። ሥርዓት ያላት ልጅ አሳደግኩ ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዟት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ክንዷን በጥብጣብ ለካች። ጥብጣቡ ቀለም አለው፤ ቀዩ ላይ ቆመ።

"ምን ይመግቧታል እማማ?"

"ወተት። እናቷ የምትልከውን የዱቄት ወተት፣ በትልቅ ጡጦ፣ በቀን አምስት ጊዜ። እህል ስሰጣት ትተፋዋለች።"

"በአንድ ጡጦ ስንት ማንኪያ?"

"አራት።"

ጡጦውን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ አነሳችው። "ይሄኛው እኮ ስምንት ይፈልጋል። ልጅቷ ስትጠጣ የኖረችው ውሃ ነው። ሆዷን ሞልቶ እህሉን ያስተፋትም እሱ ነው።"

"ጨዋ ልጅ ናት እኮ" አልኳት። ምን እንዳልኩ አላውቅም።

"ጨዋነት አይደለም፤ አቅም አጥታ ነው" አለችኝ። "ሰውነት ሲራብ መጀመሪያ የሚቆጥበው ከጨዋታ ነው።"

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ማንበብ ከቻልኩ ገና ሁለት ወሬ ነው፤ አዲሶቹን ደብዳቤዎችሽን እንጂ አሮጌዎቹን አልነካኋቸውም ነበር። ጭምቷ የዘጠኝ ወር ልጅ ሳለች ከትልቁ ጡጦ ጋር የላክሽውን ፈልጌ አገኘሁት። ሁለት ወረቀት ነው። ከሁለተኛው ግርጌ "እማዬ፣ ይሄኛው ጡጦ የትንሿን እጥፍ ይይዛል፤ አራት ሳይሆን ስምንት ማንኪያ አድርጊ" ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ አራት ጊዜ አነበብኩት።

ያኔ ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ሰፊው ነበር። ይህችን መስመር ከአፉ አልሰማኋትም። አንዱን እግሩን የስፌት መኪናው ላይ አድርጎ፣ ደንበኛ ሲገባበት እየዘለለ ሲያነብ፣ ይኸው፣ የልጅቷን እግር ዘለለው። ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ።

እናትሽ

ኅዳር 27 ቀን

እማዬ፣

ደብዳቤሽን እዚሁ በምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ ከአንሶላ ማድረቂያው ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። እዚያ ሙቀት ስለሆነ የሁላችንም ፊት እርጥብ ነው፤ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

አጥፈሽ በመሃል ባስገባሻት ትንሽ ወረቀት ላይ የጠየቅሽኝን አልመልስም። አባቷ የት እንዳለ አላውቅም፤ ባውቅም የእሱ መምጣት ልጅ አያስኬድም።

ሰፊው የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ቀሚሴን የሰፋልኝ ሰው ነው። "እጁ ይሰበር" ልል ነበር፤ አንቺም አትወጅውም ብዬ ተውኩት። የሚገባውን ያህል ግን ጽፌለታለሁ። ከዚህኛው ጋር ዛሬ ይወጣል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። "ወተቱ አልቋል ወይ?" ስልሽ "ገና አለ፣ አትላኪ" ትይኝ ነበር። እኔም "እናቴ ቆጣቢ ናት" እያልኩ ለሥራ ጓደኞቼ አወራሁ። ስድስት ወር በእጄ ያቆየኋት ልጅ በወር ስንት ቆርቆሮ እንደምትጨርስ ላስብ ይገባኝ ነበር። ደስ ስላለኝ አላሰብኩም።

አሁን አንድ በአንድ ጻፊልኝ። ትቀመጣለች? እጇ ይይዛል? ሲጠሯት ትዞራለች? ሐኪሙ ምን አለ? "ደህና ነች" ብቻ አትበይኝ።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 18 ቀን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ስለቆየሁ አትቀየሚኝ፤ እርሳሱም ጊዜውም አልታዘዘኝ ብሎ ነው።

አንድ በአንድ ላልሽው። ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ካልደገፍኳት ግን እርጥብ እንደነካው ካርቶን ትታጠፋለች። እጇ ይይዛል፤ ግን ማንኪያውን ወደ አፏ ስታመጣ መንገዱ ይጠፋባትና ጉንጯ ላይ ታርፋለች። ስጠራት ትዞራለች። ትስቃለች፣ ለመሳቅ ማንን ላስፈቅድ እንደሚል ሰው። ሦስት ቃል አላት። "እማ" የምትለው እኔን ነው። ይህን ሳልጽፈው ልለፍ ብዬ ነበር።

ሐኪም አየናት፤ የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ሐኪም መሬት ሲቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እግሯን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ውስጥ እግሯን ኮረኮረች።

"አጥንቷም ነርቯም ደህና ነው" አለችኝ። "ጡንቻ ግን ከባዶ አይሠራም።"

"ትሄዳለች?"

"ከበላችና ከተጫወተች ትሄዳለች ብዬ ነው የማስበው። እኩዮቿ ላይ ግን ቶሎ አትደርስም። መሮጡ፣ መዝለሉ፣ እርሳስ መያዙ ይዘገያል። አንዳንዱ እንደቀረ ሊቀር ይችላል፤ አልዋሽዎትም።"

"በእርሳስስ እኔም ዘግይቻለሁ" አልኳት። አልሳቀችም። ለሷ ቀልድ አልመሰላትም።

ተጨምቆ የሚበላ የታሸገ ምግብ ሰጡን፤ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ለእሷ ብቻ ነው፣ ለሌላ ልጅ እንዳላካፍል አስምለውኛል። ወተቱም በስምንት ማንኪያ ሆኗል፤ ያውም በቀን ሁለቴ ብቻ፣ ከእህል በኋላ። ቤት ደግሞ ሥራ ተሰጥቶኛል። የምትወደውን የድስት ክዳን አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። እንድትደርስበት መጠበቅ አለብኝ፤ ማቀበል ክልክል ነው። ከዚህ በፊት ሁሉን በእጇ ነበር የማስይዛት። መጠበቅን የመሰለ ከባድ ሥራ አላየሁም፤ ከእንጨት ፈለጣ ይብሳል።

ምግቡን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ጮኸች። እንዲያው ቤቱን አናጋችው። ባለሱቋ ሮጣ መጥታ "ጭምቷ ምን ሆነች?" አለች። "ጠግባ ነው" አልኳት።

ስለ ሰፊው የጻፍሽልኝ ይቆይ። ጉንፋን ይዞታል አሉ፤ ሱቁም ዝግ ነው።

እናትሽ

ጥር 12 ቀን

እማዬ፣

መጮኋን ስሰማ በሥራ ሰዓት ብቻዬን ሳቅኩ። አለቃችን አየችኝና "አንሶላው ነው የሚያስቅሽ?" አለችኝ።

አሁን ግን የማይገባኝ ነገር መጣ። ሰፊው መልስ ልኮልኛል። እኔ ሁለት ሙሉ ወረቀት ስድብ ልኬለት ነበር፤ የእሱ አንድ መስመር ናት፦ "እናትሽን ጠይቂያት።" ሌላ የለውም። የጻፈበት ቀን ደግሞ ሱቁ ዝግ ነው ባልሽኝ ሳምንት ነው። ከደብዳቤው ውስጥ የክር ቁራጭ ወድቋል፤ የታመመ ሰው ቤቱ ተኝቶ ክር ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ጠየቅኩሽ። ምንድን ነው የምጠይቅሽ?

ሌላም አለ። ልወስዳት እያሰብኩ ነው። ይህ ሁሉ ለአንቺ ከብዶሻል፤ ወይም ለአንቺ ትቼው መሄድ አልነበረብኝም፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የማድርበት ክፍል ለአራት ሴት ሁለት አልጋ ነው፤ በፈረቃ ነው የምንተኛው። የት እንደማስቀምጣት አላውቅም። ግን ዓይኔ ሥር ትሁን። እስክትመልሺልኝ አልቆርጥም።

ልጅሽ

የካቲት 3 ቀን

ልጄ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጃለሁ። ወረቀት አለቀብኝና ይህን ከመምህርቷ ነው የለመንኩት። "ረጅም ነው እንዴ የሚጽፉት?" አለችኝ። "አይ፣ ከባድ ነው" አልኳት።

ሱቁ ዝግ አልነበረም። ጉንፋንም አልያዘውም። የታኅሣሡን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሰፊውን አግኝቼው ነበር።

ስሄድ ሁለት ሴቶች ሊለኩ ቆመዋል። ያን አሮጌ ደብዳቤሽን ጨርቁ ላይ ዘርግቼ "በል አንብብ! ዛሬ እኔም እችላለሁ፤ እያየሁህ ነው" አልኩት።

መኪናውን አቆመ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገ። ግርጌው ድረስ አነበበ።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይህን ሁለተኛ ወረቀት ዛሬ ነው የማነበው" አለ።

"ትዋሻለህ!"

"እህቴ፣ ያን ዕለት እዚችው ወንበር ላይ ነበርሽ። የመጀመሪያውን ወረቀት አነበብኩልሽ። 'ውሌን በሁለት ዓመት አራዝሜያለሁ፣ አልመጣም' የሚለው ጋ ስደርስ ተነሳሽ። 'በቃ፣ ዝጋው! ልጇን ጥላ የቀረች ሴት ወሬ አልሰማም' አልሽኝ። ወረቀቶቹን ከእጄ መንጭቀሽ ወጣሽ። እኔ ሜትር አንገቴ ላይ፣ የሰው ሱሪ በእጄ፣ 'የቀረ አለ! ሁለተኛው አለ እኮ!' እያልኩ እስከ ውሃ ቧንቧው ተከተልኩሽ። መንደሩ ስቆብኛል።"

"ሱሪው እኮ የባሌ ነበር" አለች ከሴቶቹ አንዷ።

አላስታውስም ብዬ ልምልልሽ እችል ነበር። ግን ቧንቧው ጋ የነበሩት ሴቶች ዞረው ሲያዩኝ፣ ልጇ የቀረችባት ተብዬ እንዳፈርኩ አስታውሳለሁ። ደብዳቤውን ሳጥኑ ሥር ከተትኩት። ለሌላ ሰው ማስነበብ እችል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የመጣውን ሁሉ ሳላስነብብ አስቀመጥኩ። ተቀይሜሽ ነበር። ቂሙን የያዝኩት እኔ፣ የተራበችው እሷ። ትልቁን ጡጦ ደግሞ አንቺው ስለላክሽው፣ ትልቅ ጡጦ ማለት ትልቅ መብል ነው ብዬ አራቱን ማንኪያ ሞልቼ ቀጠልኩ።

ሰፊውን ያማሁበትን ሰፈር ዞሬ መልሼ መናገር ነበረብኝ። ከቧንቧው ጀመርኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ከባድ ይመስልሻል? ማለቱስ ቀላል ነው፤ የሚሰማሽ የለም እንጂ። ባለሱቋ "ተይ እንጂ! እሱ ነው። አንቺ ያኔ መሃይም፣ ምን ታውቂ!" አለችኝ። ሐሜት ሲሄድ በክንፉ ነው፤ ሲመለስ ግን በሽምግልና እግር ነው። እስካሁን ሦስት ሰው ልብሱን ወደ ሌላ ሰፊ ወስዷል። ሁለቱን መልሻለሁ፤ አንዷ እምቢ ብላኛለች።

እሱ ይቅር አለኝ ወይ? ራሱን ነቀነቀና ስፌቱን ቀጠለ።

ልጅቷን ልወስድ ነው ላልሽው፣ ልጅሽ ናት። ይህን ሳልነግርሽ ቢሆን "አትውሰጂያት" እልሽ ነበር። ነግሬሽ ግን ያን የምልበት አፍ የለኝም። እዚህ ምግቧም ሐኪሟም አሉ፤ እኔም አለሁ፤ ሦስተኛው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል፣ አንቺ ፍረጂ። እዚህ ድረስ ነው ጉልበቴ።

እናትሽ

መጋቢት 20 ቀን

እማዬ፣

ስድስት ሳምንት ዝም አልኩሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንቺን ለመቅጣት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ነገር ይዞኝ ነው።

ያን ደብዳቤ የጻፍኩበትን ቀን አስታወስኩት። "አልመጣም" የሚለው እንደሚያናድድሽ አውቅ ነበር። ቶሎ እንዲወጣልኝ መጀመሪያ ጻፍኩት። ከዚያ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ክፍሌ፣ ስለ ጫማዬ ጻፍኩ። ማንኪያውን ያስታወስኩት ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ልጄን መጨረሻ ላይ አስታወስኳት፣ እማዬ። አንቺ መንጭቀሽ ባትሄጂ ይነበብ ነበር፤ እኔም አስቀድሜ ብጽፈው ይነበብ ነበር። አንቺን ይቅር ልልሽ ቁጭ ብዬ ስጽፍ እጄ እዚህ ላይ ተይዞ ቀረ።

ለሰፊውም ጽፌያለሁ። ስድቤን መልሼ የምሰበስብበት መንገድ ስለሌለ ይቅርታ ብቻ ጠየቅኩት።

አልወስዳትም። እዚህ የሚጠብቃት አንሶላ ብቻ ነው። እኔ ነኝ የምመጣው። ውሌ በመስከረም ያልቃል፤ አላድስም። ይኸው ዛሬም ዋናውን ነገር ከታች ጻፍኩት። እባክሽ እስከዚህ ድረስ አንብቢ።

ልጅሽ

ግንቦት 10 ቀን

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እስከ ታች አንብቤያለሁ። ሁለት ጊዜ።

ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ፤ ግን ደክሞኛል። ደስታም አቅም ይጠይቃል መሰለኝ። የመምጣትሽን ነገር ለእሷ ነገርኳት፤ ክዳኑን እያንኳኳች ሰማችኝ።

ዳዴ ትላለች፤ አንድ ጎኗን እየጎተተች፣ ግን ትላለች። ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። እኔ እቆጥራለሁ፤ አሥራ አንድ ድረስ ደርሰናል። ከዚያ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥና በቂጧ ዱብ ትላለች፤ እንደገና ትነሳለች። የጎረቤት ልጆች "ወፌ ቆመች" እያሉ ያጨበጭቡላታል፤ አንዳንዱ ከእሷ ያንሳል። ሐኪሟ እስከ መስከረም ብቻዋን ልትራመድ ትችላለች ብላኛለች፤ "ትችላለች" ነው ያለችኝ፣ "ትራመዳለች" አላለችም። ስትመጪ የምትሮጥ ልጅ አትጠብቂ።

ሰፊው ጉልበቱ ላይ ጥጥ የገባበት ሱሪ ሰፋላት። ላመሰግነው ስል "ለሷ ነው፣ ለአንቺ አይደለም" አለኝ። መናገሩም አንድ ነገር ነው።

አሁን ከደብዳቤው ጋር ከላክሽልኝ ፎቶሽ ጀርባ ጽፈሽ ለጠየቅሽኝ መልስ ልስጥ። ሰው ሲያየን ምን እንደምል ጠይቀሽኛል። ለማንም ያልነገርኩትን ልነግርሽ ነው።

አውቶቡስ ውስጥም ይሁን ሱቅ በር ላይ፣ ያላወቀን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ዓመቷ ነው?" ብሎ ነው። ትንሽ ስለሆነች አይታወቅም። እኔም "ዓመት ሊሞላት ነው" እላለሁ። "ውይ፣ ለዓመቷ እንዴት ጎበዝ ናት! እንዴት አድርገሽ ብታሳድጊያት ነው!" ይሉኛል። ያን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል። እስከ ቤቴ የሚያደርስ ደስታ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ስትል ነው የጀመርኩት። እሷ በዕድሜዋ ስትገፋ እኔ ከዓመት አላሳልፋት አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ነበርን። አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ልጇ ከወንበሮቹ ሥር እየገባ እየወጣ ይሯሯጣል። ሴትየዋ ጭምቷን አየችና "ስንት ዓመቷ ነው እናቴ?" አለችኝ።

"ዓመት ሊ..." ብዬ ጀመርኩ። በዚያው ሰዓት ጭምቷ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ለመቆም እየታገለች ነበር። ላብ ግንባሯ ላይ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ሥራ የምትሠራው ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ላይ ነው። ዓመት ካልሞላት፣ ሥራው ሥራ አይደለም፤ የማንኛዋም ሕፃን ነገር ነው። ረሃቡ የወሰደባት ሳያንስ እኔ ደግሞ ድካሟን ወሰድኩባት።

"ሁለት ዓመት ከስምንት ወር" አልኩ።

ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ጭምቷ እግሮች ላከች፤ ወደ እኔም መለሰች። "ምነው? ምን ሆና?"

"ተርባ" አልኳት። "በእኔ እጅ።"

ልጇን ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

መስከረም ላይ አንቺም ትጠየቂያለሽ፤ የምትመልሺውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ከእንግዲህ ዕድሜዋን አልቀንስባትም።